ካሉበት ያልተነሡ ድንጋዮች

ከናይሮቢ ከተማ ተነሥቶ ወደ ማጋዲ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው የንጎንግን ኮረብታዎች አልፎ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። የደጋው ነፋሻ አየር ወደ ኋላ ይቀርና የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝም ግራርና እሾኻማ ቁጥቋጦ ይበዛል። በዚህ የማሳይ ከብት አርቢዎች በሚኖሩበት አገር በማለፍ፣ ከከተማው 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከኦሎርጌሳይሊ ይደርሳል። በዚያ የሚያገኘው ሙዚየም ግን በከተማ ከለመዳቸው ሁሉ የተለየ ነው።

ሙዚየም ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ትልቅ ሕንፃና የመስተዋት ሣጥን ነው። በኦሎርጌሳይሊ ግን ጐብኚው ከመሬት ከፍ ተደርጎ በእንጨት በተሠራ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይመለከታል። ከእግሩ በታች እጅግ ብዙ የእጅ መጥረቢያዎች ተቈፍረው እንደ ተገኙ ተበትነው ይታያሉ። እነዚህ መጥረቢያዎች እጀታ የላቸውም፤ ከብረትም የተሠሩ አይደሉም። ጥንታዊው ሰው ድንጋይን በድንጋይ እየመታ፣ ከሁለቱም ገጽ ፍንካች እያነሣ፣ አንዱን ጫፍ ሹል፣ ሌላውን ለመዳፍ የሚመች አድርጎ የጠረባቸው ናቸው። ሥጋ ለመቁረጥ፣ አጥንት ለመስበርና እንጨት ለመጥረብ ያገለግሉት ነበር።

ሥፍራው ዛሬ ደረቅ ቢሆንም በጥንት ዘመን ሐይቅ ነበረበት። ለዚህም ምስክሩ ነጩ አፈር ነው፤ አፈሩ በውኃ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ ደቂቅ ሕያዋን ቅርፊት የተከማቸ ነው። ከእጅ መጥረቢያዎቹ ብዙዎቹ የተጠረቡት በአቅራቢያው ካለው ከኦሎርጌሳይሊ ተራራ በመጣ ድንጋይ ነው። ተራራው ዛሬ እሳቱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። የእጅ መጥረቢያዎቹ ዕድሜ ከ1,200,000 እስከ 490,000 ዓመት ገደማ ይደርሳል። ከመሣሪያዎቹም ጋር የዝሆን አጥንት፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ጭላዳ ዘመድ የሆነና ዛሬ ዘሩ የጠፋ ትልቅ ዝንጀሮ አጥንት ተገኝቷል።

የሥፍራውን የድንጋይ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1919 መጀመሪያ ያስተዋለው የሥነ ምድር ሊቅ ጆን ዋልተር ግሪጎሪ ነው። ሉዊስ ሊኪና ባለቤቱ ሜሪ ሊኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 ሰፊ ቁፋሮ ጀመሩ። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለ ነበረ፣ በቁፋሮው ከተሳተፉት መካከል ኢጣሊያውያን የጦር ምርኮኞች ይገኙባቸው ነበር። ባልና ሚስቱ ብዙ መሣሪያዎች በአንድነት የተገኙበትን ቦታ እንዳለ እንዲጠበቅ አደረጉ።

ይህ ውሳኔ ታላቅ ጥቅም ሰጥቷል። ያን ያህል ብዛት ያላቸው መጥረቢያዎች በአንድ ቦታ ለምን ተከማቹ? ሰዎች በየጊዜው እየተመለሱ በዚያ ስለ ሰፈሩ ነውን? ወይስ የጐርፍ ውኃ ከየአቅጣጫው ጠራርጎ አከማቻቸው? ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ብዙ ተከራክረዋል። ለክርክሩም ማስረጃ የሚሰጠው የድንጋዩ መልክ ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩ ወዴት እንዳዘነበለ፣ በየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ተኛና ከጎኑ ምን እንዳለ ጭምር ነው። ድንጋዩ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ መልኩ ይቀራል፤ ምስክርነቱ ግን ይጠፋል። ይህን የሚመልስ ጥበብ የለም።

ትዕግሥት ፍሬ እንደሚሰጥ ሌላም ማስረጃ አለ። መሣሪያዎቹ በገፍ ሲገኙ፣ የጠረቧቸው ሰዎች አጥንት ግን ለብዙ ዓመታት አልተገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን 900,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የአንድ ጥንታዊ ሰው የራስ ቅል ስባሪ ከዚያው ሥፍራ ተገኘ።

እንዲህ ያለ ቅርስ የኬንያ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ እ.ኤ.አ. በ1963 በሆላንዳዊው በጄራርድ ዴከር አማካይነት ታወቀ። በዚያም ጎምቦሬ በተባለው ቦታ መሣሪያዎችና አጥንቶች እንደ ተገኙ በቦታቸው ሆነው ይጐበኛሉ። በአቅራቢያው ያለው ባልጪት ደግሞ የጥንት ሰዎች ባልጩት ያመጡበት የነበረ ሥፍራ ነው። ሁለቱ ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

በእርሻ ማሳ ወይም በወንዝ ዳር የተጠረበ ድንጋይ የሚያገኝ ተማሪ አንሥቶ ወደ ኪሱ ሊከተው ይፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ድንጋዩን ካለበት ሳያነሣ፣ ቦታውን በምልክት አስታውሶ ለመምህሩ ወይም ለአካባቢው የቅርስ ጥበቃ ሠራተኛ ቢያመለክት፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ዝም ብሎ የኖረውን ምስክር እንዲናገር ያደርገዋል።

ጥያቄዎች

1. የኦሎርጌሳይሊ ሙዚየም በከተማ ከሚገኙ ሙዚየሞች በምን ይለያል?
2. ሥፍራው ቀድሞ ሐይቅ እንደ ነበረበት በምን ይታወቃል?
3. «መልኩ ይቀራል፤ ምስክርነቱ ግን ይጠፋል» ሲባል ምን ማለት ነው?
4. «ፍንካች»፣ «በገፍ»፣ «ስባሪ» የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።