የጀመርነውን ለመፈጸም፦ የሰበካን የልማት ሥራዎች በቅደም ተከተል ስለ ማስያዝ

በልዩ ልዩ አጥቢያዎች የሚታይ አንድ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ መሠረቱ ወጥቶ የቆመ አዳራሽ፣ በአጥሩ ጥግ ውኃ አጥተው የደረቁ ችግኞች፣ ከመንደሩ በታች ደግሞ ግንቡ ተሠርቶ ክዳን ያልተገጠመለት ምንጭ ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሥራ የተጀመረው በበጎ ዓሳብ ነው፤ ምእመናንም ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን አውጥተውበታል። ሆኖም ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለ ተያዙ አንዱም ከፍጻሜ አልደረሰም። በዚህ ትምህርት፣ ከአቅሙ በላይ ሥራ የያዘ ሰበካ ጉባኤ ትኩረቱን እንዴት መልሶ ሊሰበስብ እንደሚችል እንመለከታለን።

ሸክሙ የሚበዛው እንዴት ነው?

የልማት ሥራዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ። በክረምት መግቢያ ችግኝ የሚሰጥ አካል ይገኛል፤ ከውጭ አገር ለበዓል የመጣ የአጥቢያው ተወላጅ መዋዕለ ሕፃናት እንዲከፈት ያሳስባል፤ ሌላው የሚከራዩ ሱቆች ቢሠሩ ገቢ ይገኛል ይላል። ሁሉም ምክንያት አለው። ነገር ግን ጉባኤው እያንዳንዱን ለብቻው እያየ ስለሚቀበል፣ በአንድነት ምን ያህል እንደሚከብዱ የሚመዝንበት ቀን አይኖረውም።

በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዓዋዲ የተደራጀው ሰበካ ጉባኤ የካህናት፣ የምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ኅብረት ነው። ካህናቱ ቅዳሴው፣ ሰዓታቱ፣ ፍትሐቱ፣ የንስሐ ልጆቻቸውን መጎብኘቱና የተጣላን ማስታረቁ ይጠብቃቸዋል። ምእመናኑም የየራሳቸው እርሻ፣ ንግድ ወይም የመንግሥት ሥራ አለባቸው። ስለዚህ በየኮሚቴው የሚገኙት እነዚያው ሦስት ወይም አራት ሰዎች ይሆናሉ። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በእንጥልጥል የቀረ ሥራ ምን ያስከፍላል?

ያላለቀ ሥራ ባለበት አይቆይም። ከመሠረቱ ወጥቶ የቀረው ፌሮ ብረት ዝናብ ሲመታው ይዝጋል። በመጋዘን የከረመ ሲሚንቶ እርጥበት ስቦ ይጠጥራል፤ ኃይሉም ይቀንሳል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ከፍየል የሚጠብቀውና ውኃ የሚያጠጣው ካላገኘ የተከላው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ክዳንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የሌለው ምንጭ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሰጋል፤ ሰዎች ግንቡን አይተው ንጹሕ ነው ብለው የሚጠጡት ውኃ ጎርፍ የገባበት ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ጉዳት የመታመን መጉደል ነው። ለአዳራሹ የሰጠች እናት አዳራሹ ቆሞ ስታይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለምንጩ ስትጠየቅ ታመነታለች። የታከተው ገንዘብ ያዥም ሒሳቡን በጊዜው አይዘጋም፤ ከዚያም በቅን ሰዎች መካከል ጥርጣሬ ይገባል።

ከቅዱሳት መጻሕፍት የምናገኘው ምሳሌ

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ሕዝቡን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ በዚህ አኳኋን እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነግሮ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መክሮታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ በዕለታዊው አገልግሎት መበለቶች በተዘነጉ ጊዜ፣ ሐዋርያት ማኅበሩን ጠርተው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አድርገዋል፤ እነርሱም በጸሎትና ቃሉን በማገልገል ጸኑ። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን፣ ሐዋርያት መበለቶቹን አለመተዋቸው ነው። ሥራውን ለሚችሉት አስረከቡ፤ ይህንንም በጉባኤ ፊት በግልጽ አደረጉት።

አምስት ደረጃዎች

1. ሁሉንም መዝግቡ። ለዚህ ጉዳይ ብቻ አንድ ስብሰባ ይጠራ። እያንዳንዱ ሥራ መቼ እንደ ተጀመረ፣ ምን ያህል እንደ ወጣበት፣ ለማለቅ ምን እንደ ጎደለውና ኃላፊው ማን እንደ ሆነ በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ኃላፊው በስም የማይታወቅ ሥራ ቢገኝ ባለቤት እንደሌለው ይቈጠር።

2. መዝኑ። ይህ ሥራ ቢቆም የሚጎዳው ማን ነው? ከእኛ በቀር የሚሠራው አለን? ካለቀ በኋላ የሚጠብቀውና የሚጠግነው ማን ነው? ዝናብ ሳይገባ ሊያልቅ ይችላልን?

3. ለዩ። አሁን የሚፈጸሙ፣ በይደር የሚቆዩና ለሌላ የሚተላለፉ ተብለው ይከፈሉ። በአንድ ጊዜ የሚፈጸሙት ከሁለት ባይበልጡ ይመረጣል።

4. ለምእመናን አስረዱ። ከቅዳሴ በኋላ ውሳኔው ከነምክንያቱ ይነገር። ለተወሰነ ሥራ በስለት ወይም በስጦታ የተሰጠ ገንዘብ ያለ ሰጪው ፈቃድ ወደ ሌላ ሥራ አይዛወር፤ የሰጪው ፈቃድም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

5. በሩን ጠብቁ። አዲስ ዓሳብ ሲመጣ በተጠባባቂ መዝገብ ይግባ፤ ከተያዙት አንዱ ሳይፈጸም አይጀመር። ለጋሹንም በምስጋና ተቀብሎ፣ አስቀድሞ የተጀመረውን እንዲያስፈጽም መጠየቅ ይቻላል።

ለማስረዳት ያህል

ሰባት ሥራዎች ያሉትን አንድ ሰበካ በዓሳባችን እንውሰድ፤ ምንጭ፣ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ፣ አዳራሽ፣ የችግኝ ጣቢያ፣ የንብ እርባታ፣ ሱቆችና መዋዕለ ሕፃናት። ጉባኤው በጥር ተሰብስቦ ቢመዝን፣ ምንጩን ያስቀድማል፤ የጎደለው ክዳን፣ አጥርና ቦይ ብቻ ሲሆን፣ የሚጠቀምበትም መንደሩ ሁሉ ነውና። ቀጥሎ የማደሪያውን ጣሪያ ይይዛል፤ ደጀ ሰላሙን የሚጠብቁ ሕፃናት ክረምቱን በሚያፈስ ጎጆ ሊያሳልፉት አይገባም። የችግኝ ጣቢያው ውኃ ሊያዳርሱት በሚችሉት መጠን ተቀንሶ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ይሰጣል። ቀፎዎቹም በጽሑፍ ስምምነት ንብ ማነብ ለሚያውቁ አባወራዎች ይተላለፋሉ። አዳራሹ በይደር ይቆያል፤ ሆኖም ፌሮው በሲሚንቶ ውኃ ይቀባል፣ የቀረው ዕቃም ተቈጥሮ ይቈለፍበታል። ያልተጀመሩት ሱቆችና መዋዕለ ሕፃናቱ በተጠባባቂ መዝገብ ይገባሉ።

ይህ ውሳኔ ሁሉን አያስደስትም። አዳራሹን አጥብቀው የሚሹ ያዝናሉ፤ ኀዘናቸውም በአክብሮት ሊሰማ ይገባል። ነገር ግን በሰኔ ምንጩ ተከድኖ ንጹሕ ውኃ ሲቀዳ፣ ተማሪዎቹም በደረቅ ወለል ላይ ሲተኙ፣ ጉባኤው ለአዳራሹ እንደ ገና እጁን ሲዘረጋ የሚያሳየው የተፈጸመ ሥራ ይኖረዋል።

ለውይይት

ሀ. በሰበካችን ተጀምረው ያላለቁ ሥራዎች ስንት ናቸው? ዝርዝራቸውን በትክክል የሚያውቅስ ማን ነው?
ለ. በሁሉም ኮሚቴ የምናገኛቸው ሰዎች እነማን ናቸው? የትኛውን ሸክም ልናቀልላቸው እንችላለን?
ሐ. ክረምት ሳይገባ ልንፈጽማቸው የሚገቡ ሁለት ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?

የጥያቄዎቹ መልስ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብ። ሥራን ያስጀመረ አምላክ ለፍጻሜው ያብቃን።