የአሮጌ ቴሌቪዥን ሥዕል ሲበላሽ፤ ቱቦውን ከሌላው ብልሽት ስለ መለየት

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ለብዙ ዘመን ሲሸጥ የኖረው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ነው። ዛሬ በስሱ ቴሌቪዥን ቢተካም፤ ለጌጥ ወይም ለማስታወሻ የሚፈልገው ደንበኛ አልታጣም። የሥዕሉ ቱቦ ግን በቀላሉ በአዲስ የሚተካ ዕቃ ስላልሆነ፤ ቱቦው የደከመበት ቴሌቪዥን ከሣጥኑ በቀር ዋጋ የለውም ለማለት ይቻላል። ሌላው ክፍሉ ብቻ የተበላሸው ግን በአነስተኛ ወጪ ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ በዕቃ መዝገብ ላይ «ተበላሽቷል» ብሎ ማለፍ (መዝገብ ያዥ እንደ መሆኔ ዘወትር የማየው ነው) ለገዢም ለሻጭም የሚያስረዳው ነገር የለም።

ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የቆየውን ዕቃ በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ማገናኘት አይገባም። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባለ 100 ዋት የክር አምፑል በተከታታይ የገባበት ገመድ ያዘጋጅ። አምፑሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ቢደበዝዝ ደኅና ነው፤ በሙሉ ብርሃኑ ቢቀጥል ግን በውስጡ ኮንታክት አለና ይነቀል።

ድምፅ እየተሰማ መስተዋቱ ሲጨልም ብዙዎች «ቱቦው ሞቷል» ብለው ይፈርዳሉ፤ ይህ የችኰላ ፍርድ ነው። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ወደ መስተዋቱ ቢያስጠጉ፤ ስቦ ከያዘው ከፍተኛው ቮልት ወደ ቱቦው ደርሷል ማለት ነው። ካልሳበው መካከለኛ ሞገድ የሚይዝ ራዲዮ በ625 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ ከፍቶ ማቅረብ ነው። ባለ 625 መስመር ቴሌቪዥን መስመሮቹን በሴኮንድ 15,625 ጊዜ ስለሚስል፤ የዚህ 40ኛ እጥፍ በራዲዮው ላይ ፉጨት ሆኖ ይሰማል። ወረቀቱም ካልተሳበ፤ ፉጨቱም ከጠፋ፤ ጥርጣሬው ከቱቦው ይልቅ በሌላው ክፍል ላይ ይሁን። ይህ ሁሉ ሣጥኑ ሳይከፈት የሚደረግ ነው፤ የቀለም ቴሌቪዥን ቱቦ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚይዝና ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ስለሚያቆየው፤ መክፈቱ የባለሙያ ብቻ ነው።

በመካከል አንዲት አግድም መስመር ብቻ ብትታይ፤ ጉድለቱ ሥዕሉን ወደ ላይና ወደ ታች ከሚዘረጋው ክፍል ነው፤ መስመሯ መስተዋቱን እንዳታቃጥል ብርሃኑን መቀነስ ያስፈልጋል። በማዕዘን ላይ የቀለም እድፍ ቢታይ በአጠገቡ የተቀመጠ ድምፅ ማጉያ ማግኔቱ ሊሆን ይችላልና አስቀድሞ ይነሣ።

ዋጋ የሚያስቀንሰው ምልክት ሌላ ነው። ሥዕሉ ዘግይቶ ሲመጣ፤ ደብዛዛ ሲሆንና በሰው ፊት ላይ የብር መልክ ሲያሳይ ቱቦው ደክሟል። እንዲህ ያለው ቱቦ ከሞቀ በኋላ የተሻለ መስሎ ስለሚታይ፤ ገዢው ከመክፈቱ በፊት የሣጥኑን ጀርባ በእጁ ዳስሶ ቀዝቃዛ መሆኑን ያረጋግጥ።