የሕመም ዋጋ በማንና መቼ ይከፈል?



ስለ ጤና መድን በየቢሮው፣ በየሱቁና በየወረዳው የሚደረገው ክርክር ዓመታትን አስቆጥሯል። አንዱ «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ሌላው «ከፍዬም መድኃኒት አላገኘሁም» ሲል ያማርራል። ሦስተኛው ደግሞ «ለመሆኑ ኢንሹራንስ በሸሪዓ ይፈቀዳልን?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ መሠረታዊ ነጥብ ካልተያዘ ክርክሩ ውሃ ወቀጣ ይሆናል። ይኸውም መድን ኖረም አልኖረም የሕመም ወጪ መከፈሉ አይቀርም። ልዩነቱ ማን ይክፈለው፣ መቼስ ይከፈል የሚለው ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱንም ጥያቄዎች ከዚህ ነጥብ አንጻር ለማየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ስለምን እንደምንነጋገር እንለይ። በአገራችን የጤና መድን በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 የታወጀው ማኅበራዊ የጤና መድን ሲሆን የሚመለከተውም ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን ነው። እንደ ማስፈጸሚያ ደንቡ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ ሌላ 3 በመቶ ያዋጣሉ። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው በወር 180 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ ከወጣ በኋላ መጀመሪያው ቀን በተደጋጋሚ ተራዝሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይተገበር ቆይቷል። ለአስቤዛ ባልበቃ ደመወዝ ላይ ሌላ ተቀናሽ መምጣቱ ሠራተኛውን ማስቆጣቱ የሚጠበቅ ነበር።

ሁለተኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህ ለገበሬው፣ ለቸርቻሪው፣ ለቀን ሠራተኛውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሁሉ የታሰበ ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ በኋላ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተስፋፍቷል፤ አዲስ አበባም ገብቶበታል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍልና ደብተር ያወጣል፤ ሲታመም በደብተሩ ይታከማል። መክፈል ለማይችለው ድሀ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። በሙከራው ዘመን የፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው ላይ 25 በመቶ ይደጉም ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?»

ለምሳሌ ያህል በአንድ ሠፈር 100 ቤተሰቦች አሉ እንበል። በዓመቱ ውስጥ ከመቶው ዐሥሩ ቤት ሕመም ይገባል፤ ለእያንዳንዱም ሕክምና 5,000 ብር ይጠይቃል። ጠቅላላ ወጪው 50,000 ብር ነው። መቶውም ቤተሰብ 500 ብር ቢያዋጣ ወጪው ይሸፈናል። አሁን ደግሞ ጤነኛ ነን የሚሉ ሃምሳ ቤተሰቦች «እኛ አልታመምንም» ብለው ወጡ እንበል። የቀሩት ሕመም የሚያሰጋቸው ናቸውና ወጪው ያው 50,000 ነው፤ መዋጮው ግን ለሃምሳ ሲካፈል 1,000 ብር ይሆናል። መዋጮው እጥፍ ሲሆን ከቀሩትም መካከል ትንሽ ጤና የሚሰማቸው ይወጣሉ። እንዲህ እያለ በመጨረሻ ሕመምተኞቹ ብቻ ይቀራሉ፤ ሣጥኑም ባዶ ይሆናል።

ማኅበራዊው መድን በአዋጅ ግዴታ የተደረገው፣ የማኅበረሰቡም በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ የሚመዘገበው በዚሁ ምክንያት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 የሠራተኞችን የሕመም መድን በሕግ ስታቋቁም የተከተለችው መንገድም ይኸው ግዴታ ነበር። ስለዚህ ጤነኛው የሚከፍለው ገንዘብ ባከነ ማለት አይደለም። ዘንድሮ ለጎረቤቱ ይሆናል፤ ከርሞ ደግሞ ለእርሱ።

ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ ነውን? በፍጹም አይደለም። በየሠፈሩ እድር አለን። ማንም የእድር አባል «ቤቴ ሰው አልሞተም፣ ያዋጣሁት ይመለስልኝ» ሲል አልሰማሁም። የሚያስገርመኝ ለጀናዛው ያለ ክርክር የምናዋጣ ሰዎች፣ ሰውዬው በሕይወት እያለ እንዲታከም ለማዋጣት ስንጠየቅ ሒሳብ ማብዛታችን ነው።

ውጤቱንም በየጁሙዓው እናየዋለን። ከሶላት በኋላ አንድ ወንድም ይነሣና የሐኪም ወረቀት ይዞ እርዳታ ይጠይቃል። ሙስሊሙ ርኅሩኅ ነውና ጨርቁ ላይ ይጥላል፤ አላህ ይቀበለው። ነገር ግን ረጋ ብለን እናስብ። መናገር የማትችለው እናት፣ ለልመና መቆም የሚያሳፍረው አባት፣ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ ማን ፊት ይቆሙ? በ2009 በጀት ዓመት በተሠራው የአገሪቱ የጤና ሒሳብ መሠረት ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ የሚሆነው በቀጥታ ከሕመምተኛው ቤተሰብ ኪስ የወጣ ነው። ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከተሸጠች ላም፣ ከተያዘ ወርቅ፣ ከትምህርት ከቀረ ልጅ ነው። የሕመም ዋጋ ተከፍሏል፤ የተከፈለው ግን በመጨረሻው ሰዓት፣ በአንድ ቤት ትከሻ ላይ ነው።

ሁለተኛው የሸሪዓ ጥያቄ ነው። ፈትዋ መስጠት የዑለሞች እንጂ የጋዜጠኛ ሥራ አይደለምና እኔ የምጠቅሰው እነርሱ የወሰኑትን ብቻ ነው። ያኔ የኢስላማዊ ጉባኤ ድርጅት ይባል በነበረው ተቋም ሥር ያለው የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ ትርፍ ፈላጊው የንግድ ኢንሹራንስ ከባድ ገረር፣ ማለትም ያልታወቀ ነገር ላይ የተመሠረተ ውል ያለበት በመሆኑ ሐራም ነው ብሏል። በአንጻሩ በተበሩዕ፣ ማለትም በልግስና መዋጮና በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር ኢንሹራንስ በምትኩ የሚፈቀድ አድርጎ አስቀምጧል። የማኅበረሰቡ የጤና መድን ትርፍ የሚከፋፈሉ ባለ አክሲዮኖች የሉትም። ገንዘቡ የሚቀመጥበት ባንክ ከወለድ አንጻር እንዴት ይታያል፣ ግዴታ መሆኑስ ምን ብይን ያስከትላል የሚሉት ጥያቄዎች ግን ይቀራሉ። እነዚህን ዑለሞቻችን ቁጭ ብለው ሊያብራሩልን ይገባል። «ሐራም ይመስለኛል» ብሎ ሳይጠይቁ መቅረት ግን መልስ ሊሆን አይችልም።

መረዳዳቱ ራሱ በዲናችን ሥር የሰደደ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ.) አሽዐሪዮችን ያመሰገኗቸው ስንቃቸው ሲያልቅ ያለውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በእኩል ስለሚካፈሉ መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እ.ኤ.አ. በ1284 ሱልጣን ቀላውን ካይሮ ላይ ያቋቋሙት የመንሱሪ ሆስፒታል ሀብታምና ድሀ ሳይለይ በነፃ ያክም ነበር። ግን «ነፃ» የተባለው ሕክምናም ከፋይ ነበረው። ለሆስፒታሉ ወቅፍ የተደረጉት ንብረቶች ኪራይ ሐኪሙንና መድኃኒቱን ይከፍል ነበር። ቀድሞ የከፈለ ሰው ባይኖር ኖሮ ነፃ ሕክምና አይኖርም ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እውነት ስለሆነ ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት ደብተራቸውን ይዘው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ተመርምረው ሲያበቁ «መድኃኒቱ የለም፤ ከውጭ ግዙ» ተባሉ። መዋጮውንም ከፍለዋል፣ መድኃኒቱንም ገዝተዋል። እርሳቸውን የሚመስሉ ብዙዎች ናቸው። እኚህን እናት «መድን ጥሩ ነው» ብሎ በሰበካ ማሳመን አይቻልም። መዋጮው ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ከሆነ፣ ጤነኛው ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛውም ይወጣል። ያን ጊዜ ከላይ ያየነው የሠፈር ምሳሌ እውን ይሆናል።

ስለዚህ «ይቅር» ወይስ «ይኑር» እያልን ከመነታረክ ይልቅ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ብንጠይቅ ይበጃል እላለሁ።

1ኛ/ የሒሳብ ግልጽነት። በየወረዳው ምን ያህል ተሰበሰበ? ለየትኛው ጤና ጣቢያ ምን ያህል ተከፈለ? የእድር ጸሐፊ ሒሳቡን በአባላት ፊት እንደሚያነብ ሁሉ ይህም ለከፋዮች በግልጽ ይነበብ።

2ኛ/ የመድኃኒት ዋስትና። መድኃኒት ታጥቶ ከውጭ የገዛ አባል ወጪው የሚመለስበት ቀላልና የታወቀ መንገድ ይኑር፤ በደብተሩም ላይ ይጻፍ።

3ኛ/ የድሀው ምዝገባ። ማን «ድሀ» እንደሆነ የሚለየው ኮሚቴ ጎረቤት የሚያውቀውን ሰው እንዳይዘል ክትትል ይደረግ። በዚህ በኩል መስጊዶቻችንም ድርሻ አላቸው። የመስጊድ ኮሚቴዎች ከሶደቃው የተወሰነውን ለይተው በሠፈሩ ያሉ የተዘለሉ ቤተሰቦችን መዋጮ ቢከፍሉ፣ ለአንድ ሰው የመጨረሻ ሰዓት ሕክምና በሚሰበሰበው ገንዘብ ብዙ ቤቶችን ከሕመሙ በፊት መድረስ ይቻላል። ዘካ ለዚህ ይውል እንደሆነም ዑለሞችን እንጠይቅ።

መንግሥት የሰበሰበውን ገንዘብ በአማና ይያዝ፤ የእኛም ድርሻ ጤነኛ ሳለን መክፈልና ሒሳቡን መጠየቅ ነው። ሕመም ለማንም ቀጠሮ አይሰጥም። ጤና ሙሉ በሆነበት ጊዜ ለጎረቤታችን ያዋጣናት ጥቂት ብር፣ ነገ የጎረቤታችን ልጅ ቤቱን ሳይሸጥ አባቱን እንዲያሳክም ታደርገዋለች።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይማር፣ ጤነኞቻችንንም ይጠብቅ። ወላሁ አዕለም።