አገርን ከአይሮፕላን መስኮት ለማየት የትኛው ወንበር ይሻላል?

ብዙ ሰው የአይሮፕላን ትኬት ሲቆርጥ የሚጠይቀው ዋጋውንና ሰዓቱን ነው። በየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ አስቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኔ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት፣ ወንበር መምረጥ በክፍል የምንማረው የጂኦግራፊ ትምህርት በሥራ ላይ የሚውልበት አንዱ መንገድ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

በቀድሞ ጊዜ ምርጫው ራሱ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ሲያደርግ የነበሩት አይሮፕላኖች፣ ግራና ቀኝ በግድግዳቸው ሥር የተዘረጋ የሸራ አግዳሚ ነበራቸው፤ ዕቃው መካከል ላይ ታስሮ ይጫን ነበር። ስለዚህ ተሳፋሪው ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ይጓዝ ነበር። ዛሬ ግን መስኮቱ ከጎናችን ስለ ሆነ፣ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው ጎን ነው። ፊታችንን ወደምንሄድበት ስናዞር፣ ኤ የሚል ፊደል ያለበት ወንበር በግራ በኩል ያለው የመስኮት ወንበር ነው።

ሁለተኛው ክንፍ ነው። በቦይንግ 737 ክንፉ ከመስኮቱ በታች ስለ ሆነ፣ መካከል የተቀመጠ ሰው ከምድር ይልቅ ክንፍ ያያል። በአገር ውስጥ በረራ በሚሠራው ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 ግን ክንፉ ከላይ ነው፤ የሚከልለው ከክንፉ ሥር ያለው ሞተር ነው። በሁለቱም ቢሆን ከፊት ወይም ከኋላ መቀመጥ ይሻላል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ጠዋት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ዓይን ያጥበረብራል።

አሁን ካርታ እንዘርጋ። ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ በማስመሪያ ብናሰምር፣ መስመሩ ወደ ደቡብ ሄዶ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላና ሐዋሳ ሁሉም ከመስመሩ በስተምሥራቅ ናቸው። እንግዲህ ሐይቆቹን ለማየት የሚፈልግ በሄደበት በግራ፣ በተመለሰበት በቀኝ ይቀመጥ። የጠዋት ፀሐይም በዚያው በምሥራቅ ስለሆነች፣ ከሰዓት በኋላ መብረር የተሻለ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ለሚሄድ ደግሞ መንገዱ ወደ ሰሜን ስለ ሆነ፣ ጣና በግራ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ግን የዓባይን ሸለቆ የምናቋርጠው ስለ ሆነ፣ በሁለቱም ጎን ይታያል። በክረምት ደመና ስለሚሸፍነው ከመስከረም በኋላ መጓዝ ይመረጣል።

ለእኛ ለኮልፌ ቀራንዮ ልጆችም የሚሆን ምሳሌ አለ። አይሮፕላን ከምዕራብ መጥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ቦሌ ሲያርፍ፣ ሰፈራችንና እንጦጦ በግራ፣ የፉሪ ተራራ በቀኝ ይሆናሉ። ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ የሚያርፍ ከሆነ ግን እንጦጦ በቀኝ ነው። ተራራው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የዞርነው እኛ ነን።

ነገር ግን ወንበር የምንመርጠው ውበት ለማየት ብቻ መሆን የለበትም። የአባያ ውኃ ቀላ ያለው ወንዞች ባመጡት ደለል ነው፤ ያ ደለል የገበሬ ማሳ ነበር። አብያታ ለመስኖና ለፋብሪካ ውኃው በመወሰዱ ከቀድሞ ዳርቻው ሸሽቷል። በደቡብ ጎንደር በኩል የሚያልፍም በተራቆተ እርሻ መካከል እዚህም እዚያም ክብ የሆነ አረንጓዴ ያያል፤ ይህም አባቶች ጠብቀው ያቆዩት የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ከምድር ሲያዩት አንድ ደብር ብቻ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ግን ምን ያህል እንደ ጠፋና ምን ያህል እንደ ተረፈ በአንድ ጊዜ ይታወቃል።

ውድ ጓደኞቼ፣ ብዙዎቻችን ገና በአይሮፕላን አልተሳፈርንም። ቢሆንም በአውቶቡስ ለመሄድም ይኸው ዘዴ ይሠራል። ወላጆችም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትጓዙ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ካርታና ማስመሪያ ስጧቸውና የትኛው ጎን እንደሚሻል ራሳቸው ይንገሯችሁ። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ አገሩን አይቶ ያላወቀ ሰው ሊጠብቃት አይችልምና።