ምዕራፍ ሰባት፦ አለቃው መጨረሻ ሲናገሩ

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘው ወደ መሰብሰቢያው ክፍል ይገባሉ። ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ቆይተው ይደርሳሉ። ሁሉም ብድግ ይላል፤ "ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ" ይባላል። ሥራ አስኪያጁ አጀንዳውን ያስተዋውቃሉ፤ በአጀንዳው ላይ ያላቸውን ሐሳብ ያብራራሉ፤ መፍትሔውንም ራሳቸው ይጠቁማሉ። ከዚያ በኋላ "እስቲ መድረኩ ክፍት ነው፣ አስተያየት ስጡበት" ይላሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቆይቶ አንዱ እጁን ያወጣና "አብዛኛውን አለቃችን ገልጸውታል፤ እኔም ያንኑ ለማጠናከር ያህል ነው" ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ያጠናክራል። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ስብሰባው ይበተናል። ዋናው ውይይት የሚጀምረው ያኔ፣ ማኪያቶ ላይ ነው። "ይሄ ነገር እኮ አምናም ተሞክሮ አልሠራም" የሚለው ንግግር የሚሰማው እዚያ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። አሥራ ሁለት ሰው ለሁለት ሰዓት ተኩል ሲቀመጥ 30 የሥራ ሰዓት ነው፤ አንድ ሠራተኛ አራት ቀን ገደማ የሚሠራበት ጊዜ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ወጥቶ መሥሪያ ቤቱን ከኪሳራ ሊያድን የሚችለው አንድ ዓረፍተ ነገር ክፍሉ ውስጥ ሳይነገር ቀረ። ስለ ስብሰባ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ማርፈድና መንዛዛት ነው። እነሱም ይጎዳሉ፤ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ፣ የሚያውቀው ነገር ውሳኔው ላይ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የማነሣቸው ነገሮች ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራሉ፦ በክፍሉ ውስጥ ያለው እውቀት እንዴት ይውጣ?

ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከቻሌንጀር ታሪክ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ቻሌንጀር የተባለችውን መንኮራኩር በማግስቱ ጠዋት ለማምጠቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ማስወንጨፊያ ሮኬቶቹን የሠራው የሞርተን ታይኮል ኩባንያ መሐንዲሶች ግን ሰግተዋል። ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንደሚቀዘቅዝ ተተንብዮአል፤ የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚያሽጉት የጎማ ቀለበቶች ደግሞ ብርድ ሲመታቸው ይደርቃሉ። በዚያ ምሽት በስልክ በተደረገው ስብሰባ ኩባንያው ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ መንኮራኩሯ መነሣት የለባትም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የናሳ ኃላፊዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ኩባንያው አምስት ደቂቃ ብቻችንን እንምከር ብሎ ከመስመር ወጣ፤ ምክሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሮጀር ቦይጆሊና አርኒ ቶምፕሰን የተባሉት መሐንዲሶች ከጠረጴዛው ፊት ቆመው፣ አንዱ ፎቶግራፍ እያሳየ ሌላው በወረቀት እየሣለ፣ አደጋውን ለማስረዳት ሞከሩ። የሚሰማቸው ሲያጡ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። አንድ ከፍተኛ ኃላፊ የምህንድስናውን ክፍል ኃላፊ እንደ መሐንዲስ ማሰቡን ትቶ እንደ ሥራ አስኪያጅ እንዲያስብ ነገሩት፤ አራት ኃላፊዎችም ተስማምተው መንኮራኩሯ እንድትነሣ ወሰኑ። ስልኩ እንደገና ሲገናኝ ከናሳ በኩል ሌላ አስተያየት ያለው አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ማንም አልተናገረም። በማግስቱ ቻሌንጀር ከተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ።

መድረኩ ለይስሙላ ክፍት ነበር። የአለቆቹ ልብ ወዴት እንዳዘነበለ ሁሉም ካወቀ በኋላ የሚቀርብ "አስተያየት ያለው?" የሚል ጥያቄ ግን መልስ አያገኝም። "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" እየተባለ ባደግንበት አገር ደግሞ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ታላቅን ማክበር መልካም ጠባያችን ነው፤ እንዲጠፋም አልመኝም። መፍትሔውም እሱን ማጥፋት ሳይሆን የንግግሩን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮው የዙፋን ችሎት ዳኞች ፍርዳቸውን የሚሰጡት በማዕረግ ከታናሹ ጀምረው ነበር፤ ታላላቆቹ ይከተላሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መጨረሻ ይናገራሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ይህንኑ ሥርዓት በጽሑፉ አስፍሮታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ንጉሡ ቀድመው ቢናገሩ ከእሳቸው በታች ያለው ሁሉ "እንዳሉት" ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ታናሹ ቀድሞ ሲናገር ግን ማንንም አልተቃወመም፤ የሚቃወመው ሐሳብ ገና አልተነገረምና። አክብሮቱም ሐሳቡም ሳይነካ ይቀራል።

ሰብሳቢ ከሆኑ በሚቀጥለው ስብሰባዎ ይህን ይሞክሩት። ጉዳዩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያስተዋውቁ፤ የራስዎን ሐሳብ ይያዙት። ከዚያ በቅርቡ የተቀጠረውን ወይም ለጉዳዩ በቀጥታ ቅርብ የሆነውን ሠራተኛ በስሙ ይጠይቁ። ሾፌሩ፣ መጋዘን ጠባቂዋ፣ መስኮት ላይ ደንበኛ የምታስተናግደው ልጅ ከማንም በፊት የሚያውቁት ነገር አለ። ዝም ከተባለ አይደንግጡ፤ ክፍተቱን በራስዎ ንግግር ለመሙላትም አይቸኩሉ። ሁሉም ለሁለት ደቂቃ ሐሳቡን በወረቀት እንዲጽፍ ማድረግም ይረዳል፤ ሰው የጻፈውን ማንበብ ከባዶ ከመናገር ይቀለዋል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2004 የከፍተኛ ኃላፊዎቹ ስብሰባ ላይ የፓወር ፖይንት ገለጻ ቀርቶ እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ስብሰባውም በዝምታ በማንበብ እንዲጀምር አድርጓል። ስድስት ገጽ ለብዙዎቻችን ይበዛል። አንድ ገጽ ይበቃል።

ሌላም ጥሩ ዘዴ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋሪ ክላይን ያስተዋወቀው ነው። ውሳኔው ሊጸድቅ ሲል ሰብሳቢው "ስድስት ወር አልፏል እንበል፤ ይህ ዕቅድ ከሽፏል። ያከሸፈው ምን ይመስላችኋል?" ብሎ ይጠይቃል። ያ ማኪያቶ ላይ ብቻ የሚወራው ነገር በዚህ ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ይመጣል። ጉድለት መጠቆም የተሰጠ ሥራ ስለሆነ ማንም ጠማማ ተብሎ አይቆጠርም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የሚወሰን ነገር ካለ ብቻ ነው። ብዙ የስብሰባ ጥሪ "የተሽከርካሪ ስምሪትን በተመለከተ" ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ምን ይዞ ይምጣ? ያው አጀንዳ "የመስክ መኪና ጥያቄ ከጉዞው 2 ቀን በፊት ይቅረብ ወይስ 5 ቀን በፊት?" ተብሎ ቢጻፍ የስምሪት ክፍል ኃላፊዋ መዝገቧን ይዛ፣ የመስክ ሠራተኛውም ያጋጠመውን አስቦ ይመጣል። አጀንዳዎን በጥያቄ መጻፍ ካልቻሉ ስብሰባውን አይጥሩ፤ መረጃ ለማስተላለፍ ብቻ ከሆነ የቴሌግራም መልእክት ይበቃል። "ልዩ ልዩ" የምትለዋንም አጀንዳ ይሰርዟት፤ ያልታሰበበት ነገር ሁሉ የሚገባው በእሷ በር ነው። የአጀንዳዎቹም ቅደም ተከተል ይታሰብበት፤ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በጻፈው ምሳሌ ኮሚቴው የአቶሚክ ኃይል ማመንጫውን በደቂቃዎች አጽድቆ በብስክሌት መጠለያ ላይ ረጅም ክርክር ይገጥማል፤ መጠለያው ለሁሉም ግልጽ ነውና። ከባዱን ጉዳይ መጀመሪያ ያድርጉት።

ስለ ሰዓት ብዙ አልልም። ብዙ እድሮች አርፍዶ የመጣውን ይቀጣሉ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አንብበው ይጀምራሉ፤ የተማረ ሰው የሞላበት መሥሪያ ቤት ይህን የማያደርግበት ምክንያት አይታየኝም። ሰብሳቢው በሰዓቱ ከጀመረ ሌላው በሁለተኛው ሳምንት ይስተካከላል።

ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ልቆይ። "ቤቱ በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ አስፈላጊው ክትትል እንዲደረግ ተስማምቷል።" ይህን ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ጸሐፊ የለም፤ ማን ምን እንደሚሠራ ግን አይናገርም። "የስምሪት ክፍል ኃላፊዋ አዲሱን የመኪና መጠየቂያ ቅጽ አዘጋጅታ እስከ የካቲት 25 ለሁሉም ክፍሎች ታሰራጫለች" ቢባል በየካቲት 26 መጠየቅ ይቻላል። ጸሐፊው ይህን ሰው ከመበተኑ በፊት ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ኃላፊነት የተሰጠው ሰውም በዚያው ይስማማ ወይም ቀኑ አይበቃኝም ይበል።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ይወስናሉ፤ ሥልጣኑም ኃላፊነቱም የእሳቸው ነው። ሐሳቡ ተቀባይነት ያላገኘው ሠራተኛ ግን ምክንያቱን እዚያው ይስማ፤ ከፈለገም ሐሳቡ በልዩነት ይመዘገብለት። ከሦስት ወር በኋላ ውሳኔው ሲገመገም ከቃለ ጉባኤው መጀመሪያ የሚነበበው ያ በልዩነት የተያዘው ሐሳብ ይሁን።