ናፍጣ ሳይሆን አየር፦ አሮጌ ሃይሉክስን በአዲስ አበባ ከፍታ ማጎልበት

ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ አሮጌ ሃይሉክስ፣ ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ከጫነ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳይደርስ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ይወርዳል። ከኋላው ጥቁር ጭስ ይከተለዋል። ባለቤቱ ጋራዥ ሲገባ የሚጠይቀው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ፖምፓውን ትንሽ ክፈትልኝ።»

መልሱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለገሃር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ነበር። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚስበው በራሱ ፒስተን ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ በቀጥታ ይነካዋል። 3ኤል የሚባለው ባለ 2,779 ሲሲ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚያገኘው አየር፣ 2.1 ሊትር ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው እምብዛም አይበልጥም። 2ኤል (2,446 ሲሲ) እና 5ኤልም (2,986 ሲሲ) ከዚህ አያመልጡም። ፖምፓው ደግሞ የከፍታ ማካካሻ ካልተገጠመለት አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የተለመደውን ናፍጣ ይረጫል። አየር ያላገኘው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ያው ፒካፕ ወደ አዋሽ ሲወርድ ጉልበቱ የሚመለስለትም አየሩ ስለሚወፍር ነው።

እነዚህን ሞተሮች ጠግኖ ማቆየት ዛሬ የብዙ ቤተሰብ የገቢ ጉዳይ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት አስወደደ፤ ከ2014 ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ተነሳ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ። ያለውን ፒካፕ በትንሽ ወጪ ማጎልበት ይቻላል፤ ወሳኙ ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ የአሁኑን ፍጆታ ማወቅ። ታንኩ ይሞላል፣ ኪሎ ሜትሩ ይመዘገባል፣ የተለመደው ሥራ ይሠራል፣ በዚያው ማደያ እንደገና ይሞላል። ፋብሪካው ካዘዘው የሚተልቅ ጎማ የገጠመ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ቆጣሪው ከእውነተኛው ርቀት አሳንሶ ስለሚቆጥር ፍጆታው ካለበት የባሰ ይመስላል። የጎማ ንፋስ፣ የሚይዝ ፍሬን፣ ዕቃ ሳይጫንበት ዓመቱን ሙሉ ንፋስ የሚገፋ ፖርቶ መጋላ በዚሁ ቀን ይታያሉ።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን ይለካል። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ወጥመድ አላት። የመለኪያው ንባብም በአየሩ መሳሳት ምክንያት ስለሚቀንስ፣ ደህና ሞተር በመጽሐፉ ቁጥር ሲመዘን ያለቀ ሊመስል ይችላል። ፋሻ ለመለወጥ ከመሮጥ በፊት አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አነጻጽሩ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ችግር አለ፤ አራቱም ተቀራርበው በልክ ካነሱ ከፍታው ነው። ኮምፕሬሽኑ በእርግጥ የወደቀ ሞተር ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይጠቅመውም፤ ገንዘቡን ለሙሉ ጥገና ያስቀምጥ።

አሁን ወደ አየሩ። ኦሪጅናል የወረቀት ፊልትሮ ይግባ። በኮምፕሬሰር ሲጸዳ ንፋሱ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝግታ ይሁን፤ ከውጭ የሚነፋ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ብዙ ሰው የማያየው ከፊልትሮው ቤት ወደ መከላከያው በኩል የሚሄደውን የላስቲክ ቱቦ ነው። እሱ ከተቀደደ ወይም ከጠፋ ሞተሩ የሚስበው ከራዲያተሩ ጀርባ የሚመጣውን ሙቅ አየር ነው። ሙቅ አየር ቀላል ነው፤ በከፍታው የተቀነሰው ላይ ሌላ ቅናሽ ይጨመርበታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት በብር ተመን ከሁሉም የሚያዋጣው ጥገና ይህ ቱቦ ነው። ማርሚታው በጥላሸት ከታፈነ ይለወጥ፤ ነቅሎ መጣል ግን የሚያመጣው ድምፅ እንጂ ጉልበት አይደለም።

የናፍጣ ፊልትሮ ይለወጣል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ይፈስሳል፤ በክረምት ይህን ማዘውተር ነው። አንድ አቋራጭ አለ፦ ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ በሚገባው መስመር ላይ ለጊዜው ውስጡ የሚታይ ቱቦ ግጠሙ። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ከታየ መስመሩ የሆነ ቦታ ንፋስ ይስባል፤ ጠዋት የመነሳት ችግሩም፣ የመንተፋተፉም መነሻ ሊሆን ይችላል። ባትሪና ሞተሪኖ ከመለወጥ በፊት ይህን ማየት ይበጃል።

ማቀዝቀዣው ከጉልበት ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ይገናኛል። ሞተሩ ሞቀ ሲባል ተርሞስታቱን አውጥቶ የመጣል ልማድ አለ። ተርሞስታት የሌለው ሞተር ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ናፍጣ ይበላል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ተርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን መንገድ ስለሚዘጋ፣ እሱን ማውጣት በዳገት ላይ ሙቀቱን ያብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላም አይረሳ። ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተር ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን እዚህ ከተማ ውስጥ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ያስፈላል። ክዳንና ተርሞስታት አብረው ይለወጡ።

ኢንጀክተሮቹ ተፈተው ወደ ፖምፓ ባለሙያ ይሄዳሉ። በመፈተኛው ላይ የመክፈቻ ግፊታቸው ይለካል፣ አረጫጨታቸው ይታያል። ጭጋግ መስሎ የሚረጭ ደህና ነው፤ እንደ ሽንት የሚወርድ ወይም አፉ ላይ ጠብታ የሚያንጠለጥል ኖዝል ይለወጥ። ሲለወጥ አራቱም ይለወጡ፤ አንዱን ብቻ አድሶ ሦስቱን መተው ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ወደ ሶማሌ ተራ ለግዢ ሲኬድ አሮጌውን ኖዝል ይዞ መሄድና በላዩ የተቀረጸውን ቁጥር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ መልኩ የተመሳሰለ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሥር ያሉት ማሸጊያ ቀለበቶች አዲስ ይሁኑ።

ቫልቭ ሬጅስትሮ በቀዝቃዛ ሞተር። የታይሚንግ ቺንጋው ዕድሜ ካልታወቀ አትጠብቁ፤ በእነዚህ ሞተሮች በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚለወጥ ነው፣ ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ያገኛቸዋል። ቺንጋው ከተለወጠ በኋላ የፖምፓው ታይሚንግ በሰዓት መለኪያ ይስተካከል። ሳሳ ባለ አየር ውስጥ ናፍጣው ለመቀጣጠል ትንሽ ስለሚዘገይ፣ ፋብሪካው ከፈቀደው ወሰን ውስጥ ወደ ቀደም ያለው ጠርዝ ማስጠጋቱ ይመረጣል። ከወሰኑ ማለፍ ግን አይገባም፤ ሞተሩ ይመታል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚጀምርበት፣ ግን መጨረሻ መምጣት የሚገባው ነገር ላይ ተደረሰ፦ በፖምፓው ጀርባ ያለው የናፍጣ መጠን መወሰኛ ብሎን።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ብሎን ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ናፍጣ ይጨምራል፣ ወደ ውጭ ሲላላ ይቀንሳል። ጥቂት ሲጠብቅ ፔዳሉ ወዲያው ይቀላል፤ አሽከርካሪው ይደሰታል፣ መካኒኩም ይመሰገናል። ችግሩ ቆይቶ ነው የሚመጣው። የተጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት አየር ስለሌለ፣ ከፊሉ ዘግይቶ ቫልቩ ሊከፈት ሲል ይነዳል፣ ከፊሉም ጥላሸት ሆኖ የሞተር ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይወፍራል፣ ኩሽኔታው ይበላል። የጭስ ማውጫው ሙቀት ይወጣል፤ ያ ሙቀት የሚያርፈው ቴስታታው ላይ፣ በሁለቱ ቫልቮች መካከል ባለው ቀጭን ብረት ላይ ነው። የተሰነጠቀ ቴስታታ ውሃ ወደ ሲሊንደር ያሳልፋል። ባለቤቱ ጋርኒሲዮን ተቃጠለ ብሎ ይለውጣል፣ ውሃው ግን መጉደሉን አይተውም። የጥቂት ደቂቃ የብሎን ሥራ እስከ ሙሉ ሞተር ጥገና የሚያደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ብሎኑ ሲጠብቅ የሥራ ፈት ዙሩም አብሮ ይወጣል። ይህን ያላወቀ ዙሩን በሌላው ብሎን እየቀነሰ፣ ናፍጣውን በዚህኛው እየጨመረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ዙሩ አልወርድም ይላል፣ ሞተሩም እግር ሳይነካው ይጮሃል። እንዲህ ከሆነ ቁልፉን መዝጋት፤ ካልጠፋ መኪናው ቆሞ በፍሬን ተይዞ በአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ማነቅ። እጅን ወደ አየር መሳቢያው መስደድ ፈጽሞ አይገባም።

ስለዚህ ብሎኑን ከመንካታችሁ በፊት ያለበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ወደ ውጭ የወጣውን ርዝመት ለኩ፣ ጻፉት። የፋብሪካው ማሸጊያ ገና ካልተነቀለና ጭሱ ጥቂት ከሆነ አትንኩት። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶት ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ሥራው መክፈት ሳይሆን መመለስ ነው፦ በአንድ ጊዜ ከስምንተኛ ዙር ሳይበልጥ ይላላል፣ መቆለፊያው ይጠብቃል፣ ከዚያ ይሞከራል። በአንድ ቀን ሁለት ነገር አትለውጡ፤ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ አይታወቅምና።

መሞከሪያው ዳገት ነው። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደው ቸርችል ጎዳና እሁድ ማለዳ ትራፊክ ሳይበዛ ይመቻል፤ ለጠንካራ ፈተና እንጦጦ አለ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ የተለመደው ጭነት ይኑር፣ በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ፣ ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተል ሰው ጭሱን ይይ። ሲረገጥ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ጭስ ችግር የለውም። ዳገቱን ሙሉ የማይለቅ ጥቁር ጭስ ከታየ ሌላ ስምንተኛ ዙር ይላላ። ጭሱ ጠፍቶ ጉልበቱም መውረድ ሲጀምር አንድ እርምጃ ተመልሶ እዚያው ማሰር ነው። በፖምፓ ባለሙያ መፈተኛ ላይ ማስለካት ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነው፤ ገንዘቡ ካለ ይመረጥ። አንዳንድ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች በከፍታ ናፍጣውን ራሱ የሚቀንስ መሣሪያ ይዘው ስለሚመጡ፣ ካለ መሥራቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ጉልበት የሚፈልግ ሰው ቱርቦ ያነሳል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ከፍታ የወሰደውን አየር በእርግጥ የሚመልሰው ቱርቦ ነው። ልኩ ግን ትንሽ ነው፦ ለገሃር ላይ ሩብ ባር ያህል ግፊት ብቻ ሞተሩን ወደ ባሕር ዳርቻ ያደርሰዋል። 3ኤል የተሠራው ያለ ቱርቦ፣ በ22 ለ1 ግድም የኮምፕሬሽን ልክ ስለሆነ ከዚያ ብዙ አልፎ መጫን ቴስታታውንና ጋርኒሲዮኑን መፈታተን ነው። ቱርቦው ንጹሕ የዘይት መስመር፣ ደህና ራዲያተርና አጭር የዘይት መለወጫ ጊዜ ይጠይቃል፤ የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ ሳይገጠም አይነዳ።

ሞተሩን በሙሉ በሌላ መለወጥ የመረጠ ደግሞ አስቀድሞ ሊብሬውን ይክፈት። የሞተር ቁጥሩ እዚያ ተጽፏል፤ የሚገዛው ሞተር የጉምሩክ ወይም የሽያጭ ሰነድ ከሌለው ቁጥሩን ለማስቀየር ይቸገራል፣ ቁጥሩ ያልተመሳከረ መኪና ደግሞ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይቆማል። ሰነዱ ሳይታይ ቀብድ አይከፈል።