ለማኅበርሽ የመጀመሪያውን ጠላ ስትጠምቂ

ቆይ፣ ጌሾውን ገና አትንኪው። እስቲ እንስራውን ልየው። አዲስ ከሆነና ካልተሟሸ ዛሬ አይሆንም፤ ሸክላው የአፈር ጣዕሙን ለጠላሽ ያወርሰዋል። ተሟሽቶ ከሆነ ግን እጅጌሽን ሰብስቢና ግራዋውን ያዢ። ውስጡን በቅጠሉ ደጋግመሽ ፈትጊው፣ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ አለቅልቂው፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ሲደርቅ የወይራ እንጨቱን ፍም ላይ አድርጊና ጭሱ ሲነሳ እንስራውን አፉን ወደ ታች ደፍተሽ አጥኚው። ጭሱ ለሽታ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሸክላ በዓይን የማይታይ ብዙ ቀዳዳ አለው፤ እጅሽና ግራዋው የማይደርሱበት ቦታ ጭሱ ይደርሳል፣ ጠላ የሚያኮመጥጠውን ተህዋስ ያዳክማል። እንስራ ያላገኘ ሰው በፕላስቲክ በርሜል ይጠምቃል፣ እሱም ይሆናል። በርሜሉ ግን የምግብ ይሁን፤ ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበት እንዳይሆን፣ ጭስ ላይም አይደፋ።

ማኅበርሽ በ21 ነው፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንቁጠር። በ20 ማታ ይጠለላል፣ በ18 ውሃ ይሞላል፣ በ14 እንኩሮው ይገባል፣ በ12 ቂጣውና ብቅሉ፣ ጥንስሱ በ9። ይህ ለአዲስ አበባ በጋ ነው። ክረምት ቢሆን ኖሮ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመን እንጀምር ነበር፤ ብርድ ጠላን ያዘገየዋል። ብዙ ሰው ጠላው የሚበላሽበት ቀን አንሶት ሲጣደፍ ነው፤ አንቺ እንዳትጣደፊ ብዬ ነው ዛሬ የመጣሁት።

አሁን ጌሾውን አምጪው። እኔ ለ20 ሊትር ያህል ጠላ ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ ቅጠል አደርጋለሁ፤ እንጨቱ ለኋላ ይቆየን። ቅጠሉ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ስታሽው የሚሸት ይሁን። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪው፤ ውሃው የእንስራውን ሩብ አይለፍ። ከድነሽ ሦስት ቀን ተይው፤ ጥንስሱ ይህ ነው። ከሱቅ እርሾ አንገዛም። ጠላውን የሚያፈላው እርሾ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከእንስራው ጋር አብሮ ይመጣል። ጌሾው ምሬት ከመስጠቱም በላይ ጠላ የሚያበላሹትን ብዙ ተህዋስያን ይይዝልሻል፤ ስለዚህ መራራ አልወድም ብለሽ አታሳንሺው።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ብቅሉን ነው። እህል ውስጥ ያለው ስታርች ነው፤ እርሾ ደግሞ ስታርች መብላት አይችልም፣ ስኳር ይፈልጋል። ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረው ኃይል ገብሱ ሲበቅል የሚፈጠረው ኢንዛይም ነው። ገብሱ አንድ ቀን ተነክሮ፣ ውሃው ተጠንፍፎ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ሦስት ቀን ያህል ሲቆይ ሥር ያወጣና እርስ በርሱ ይያያዛል። ያን ጊዜ ተለያይቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ፀሐይ ያልኩሽ በምክንያት ነው፦ ኃይለኛ እሳት ካገኘው ያ ኃይል ይሞታል። ለዚህ ነው አሻሮና ብቅል የማይተካኩት። አሻሮ የተቆላ ገብስ ነው፤ ቀለምና ጣዕም ይሰጥሻል፣ ስታርች ግን አይሰብርም። አንድ ሰው «አሻሮ ካለሽ ብቅል ቀንሺ» ቢልሽ አትስሚ። የገዛሽውን ብቅል አንዷን ፍሬ ነክሰሽ እያት፤ ስትሰባበር ጣፈጥ ካለችሽ ጥሩ ነው። ሻጋታ ካየሽበት ግን ብቅልም ይሁን እህል መልሺው። የሻጋታ መርዝ በምጣድ እሳት አይጠፋም፣ በጌሾም አይሸሽም።

ለአንድ ኪሎ የብቅል ዱቄት አራት ኪሎ ሌላ እህል ይበቃሻል። እኔ ገብስ ነው የምወደው። ጎጃም ዳጉሳ ይገባበታል፣ ሌላው ጋ በቆሎም ማሽላም ይጠመቃል፤ አንቺ ለመጀመሪያ ጊዜ በገብስ ጀምሪ። ከአራቱ ኪሎ አንዱን ለቂጣ አውጪ። ቂጣው ወፍራም ሳይሆን በደንብ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬ ሊጥ የያዘ ቂጣ ጠላ ውስጥ ይጎመዝዛል። ለምን እንጋግረዋለን ትዪኝ ይሆናል። ስታርቹ በውሃና በእሳት አብጦ ካልለሰለሰ ብቅሉ በቀላሉ አይሰብረውም። የቢራ ፋብሪካው ብቅሉን በ65 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ይዞ አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። የእኛ መንገድ ሌላ ነው፦ እሳቱን ምጣድ ላይ አስቀድመን እህሉን እናበስላለን፣ ብቅሉ ደግሞ በእንስራው ውስጥ በቤቱ ሙቀት ቀስ እያለ ቀናት ወስዶ ይሠራል። ስለዚህ ቂጣው በደንብ ሳይቀዘቅዝ ቆራርሰሽ ከብቅሉ ጋር እንዳታስገቢው፤ ከ75 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት ብቅሉን ያደክመዋል። ስትነኪው ሙቀት ካልተሰማሽ ከብቅሉ ጋር ጥንስሱ ውስጥ ይግባ።

ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ እንኩሮው ነው። የቀረውን ሦስት ኪሎ ገብስ ቆልተሽ አሻሮ ካስፈጨሽ በኋላ ዱቄቱን ውሃ እየረጨሽ እሺው፣ ፍርፍር እስኪል፤ ከዚያ ምጣድ ላይ እያገላበጥሽ አብስይው። የጠላሽ መልክ የሚወሰነው እዚህ ጋ ነው። ጠይም ጠላ ከፈለግሽ ቡናማ እስኪሆን ቆዪ፤ ቀላ ያለ ከፈለግሽ ቀደም ብለሽ አውርጂ። ከምጣዱ ዞር አትበዪ፤ ስልክ ቢጠራም ይጥራ። ያረረ እንኩሮ ምሬቱ የጌሾን አይመስልም፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ይህም ይቀዝቅዝና ከተፈጨው የጌሾ እንጨት ጋር እንስራው ውስጥ ይግባ፤ ጥቂት ውሃ ጨምረሽ ወፈር ያለ ገንፎ እስኪመስል አማስይው። ድፍድፉ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ዓይንሽና አፍንጫሽ ይሠራሉ። በማግሥቱ ይነሳል፣ አረፋ ይሠራል፣ እህሉ ወደ ላይ ይወጣል። ጠዋትና ማታ በንጹሕ የእንጨት ማማሰያ ገፋ ገፋ አድርገሽ መልሺው። አራተኛው ቀን ላይ ፍላቱ ቀዝቀዝ ብሎ እህሉ መስመጥ ሲጀምር ውሃ የሚሞላበት ጊዜ ደርሷል። ቀኑ ደርሶ እየፈላ ከሆነ ግን አንድ ቀን ጠብቂው፤ ከእኔ ቁጥር ይልቅ ድፍድፉን እመኚ። ላዩ ላይ ነጭ ስስ ነገር ብታዪ አትደንግጪ፣ እርሾ ሊሆን ይችላል፤ ጠጉር ያወጣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከሆነ ግን ብትሳሺም ድፊው።

የምትሞዪው ውሃም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። እናቶቻችን አፉን በጭቃ ይመርጉት ነበር፤ አንቺ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነሽና ንጹሕ ጨርቅ፣ ከላዩ ፌስታል አድርገሽ እሰሪው፣ ግን አታጥብቂ። ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ጠላ ወደ ጀሪካን ቀድተሽ ክዳኑን አጥብቀሽ እንዳትዘጊ፤ ጀሪካኑ ያብጣል፣ ሲከፈትም ፊት ላይ ይተፋል።

ስታጠልዪ ጨርቁን አትጭመቂ፤ ራሱ ይውረድ። ከተጨመቀ ጠላው ይደፈርሳል። ጉሹን የሚወዱ አረጋውያን ስላሉ አንድ ማንቆርቆሪያ ሳታጠልዪ አስቀሪላቸው። ዋናው ከወጣ በኋላ ድፍድፉ ላይ ትንሽ ውሃ ጨምረሽ በማግሥቱ ቅራሪ ታወጪያለሽ፤ እሱ ለቤት ነው። አተላውን አትድፊ፣ ከብት የሚያረባ ሰው በደስታ ይወስድልሻል። የተጠለለ ጠላ አየር በነካው ቁጥር ወደ ኮምጣጤ ይሄዳልና የምትቀጂውን ያህል ብቻ አውጪ፤ የተረፈውንም በሁለት በሦስት ቀን ጨርሱት።

ደግሞ አንድ ነገር፣ እህትዓለም። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው፤ ውሃው ካነሰ ከዚያም ያልፋል። በየቤቱ ለልጅ «ትንሽ ቅመሺ» ማለት ለምደናል፤ በአንቺ ቤት ይቅር። ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለችም አታስቸግሪያት። ለእነሱ ብርዝ በጥብጪላቸው፣ ማሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ።